የቀኙ ጎማ

ጥቅምት 3

ዛሬም ጉድጓድ ገባሁ። ዶዮገና ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር... የቀኝ የፊት ጎማ ነው። ከጳጉሜን ወዲህ ሦስተኛው። ፋርማሲውን አርፍጄ ከፈትኩ፤ ሁለት ሰው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ስመለስ መኪናዋን ሆሳዕና፣ ጋሽ ዳኘ ጎሚስታ ቤት ወሰድኳት። ቸርኬውን በመዶሻ አቀኑልኝ። "ይቺ ዲኤክስ ምን አድርጋህ ነው?" አሉኝ።

ቆርጫለሁ። ይሄን አሮጌ የብረት ቸርኬ አውልቄ ስፖርት ቸርኬ አስገባለሁ። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች መኪና ይዤ እስከ መቼ በዚህ? በየቀኑ ሆሳዕና ዶዮገና ትመላለሳለች፤ ደህና ጫማ ይገባታል።

ጥቅምት 6

ጋሽ ዳኘ ጋ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ባለ አስራ አምስት ኢንች፣ ጥቁር... ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። ከጎኑ ባለ አስራ አራት አለ፣ ብርማ፣ ተራ ነገር።

"አስራ አምስቱን ካስገባህ ጎማው ስስ ነው የሚሆነው" አሉ። ሁለት ጣታቸውን አጠጋግተው አሳዩኝ። "ጉድጓድ ሲመታ ሁሉም ቸርኬው ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚህ መንገድ አስራ አራትና ወፍራም ጎማ ይሻልሃል።"

"ጉድጓድ አልገባማ!"

ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ጎማው መሬት ከያዘ መሪው ይታዘዛል፤ መሪው ከታዘዘ ጉድጓዱን አመልጣለሁ። ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

የጎማው ጎን ላይ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት በአራት አሃዝ ተጽፏል። መድኃኒት ስረከብ የማብቂያ ቀኑን ሳላይ አልቀበልም፤ ይሄንንም ላነብ ጎንበስ አልኩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ጠፉብኝ። አንገቴን ሳዞር መጡ። ጋሽ ዳኘ ያዩኛል።

"ድካም ነው" አልኩ። የጠየቀኝ ግን አልነበረም...

ጥቅምት 7

በቸርኬው ምክንያት ከሰሊማ ጋር ተጋጨን። በስምንት ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኽኩባት።

"ችግሩ ግን ጎማው ነው?" አለችኝ። "ባለፈው ጁምዓ አጠገብህ ተቀምጬ 'ጉድጓድ!' አልኩህ። ቀጥ ብለህ ገባህበት።"

"ዘግይተሽ ነው የነገርሽኝ።"

"ነስሩ፣ ከሩቅ ነው የነገርኩህ።"

ጥቅምት 14

ገባ! አስራ አምስቱ፣ አራቱም። መሪው እጄ ላይ ቀጥ አለ። ኩርባው ላይ መሬቱን ነክሳ ነው የምትዞረው። ዶዮገና መግቢያ ላይ የቆሙት ሰዎች ዞረው አዩ። እንዲህ ደስ ካለኝ ቆይቷል።

ጥቅምት 22

የቀኝ የፊት። ጎማው ጎኑ አብጧል፣ ቸርኬው ተሰንጥቋል። በስምንት ቀን!

ጋሽ ዳኘ ላይ ጮኽኩ። "ምን ዓይነት ዕቃ ነው የሰጡኝ?" ገብተው አሮጌውን የቀኝ ቸርኬ አመጡና ከአዲሱ ጎን አስተኙት። ቀጥለው አሮጌውን ግራ አወጡ።

"እይ። ግራው ጭረት እንኳ የለውም። አዲሱም ግራ ደህና ነው። አሮጌውም የተመታው በቀኝ፣ አዲሱም በቀኝ። ዕቃ ቢሆን ጎን አይመርጥም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ዓይንህን ታየው።"

ስኮርታ ጎማውን አስሬ ወጣሁ።

ጥቅምት 23

ፋርማሲው ባዶ ሲሆን ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ።

ጨለማ አይደለም። ጨለማ ቢሆን ባወቅኩት ነበር። መደርደሪያው የት ጋ እንዳለ አውቃለሁ... ግን የለም። ጭጋግ ብቻ።

እዚያው መደርደሪያ ላይ የዓይን ጠብታ ደርድሬያለሁ። ለስንቱ ሰው "ቶሎ ታዩ፣ ዓይን ቀልድ አይደለም" ብያለሁ። መቼ ጀመረ?

ለማንም አልተናገርኩም። ነድቼ ተመለስኩ።

ጥቅምት 29

ሰው ገጨሁ።

ልጻፈው። ዶዮገና፣ የገበያ ቀን። ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው። ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ፍሬን ያዝኩ። ከድምፁ በኋላ! ወርጄ ሳይ አንዲት እናት አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው ቀኝ ክንዳቸውን ይዘዋል። በጀርባቸው ያዘሉት ቆጮ ተበትኗል። እትዬ ሊሻን ናቸው። ስንቴ የደም ግፊት መድኃኒት ከእኔ ወስደዋል።

"ከፊትህ ነበርኩ እኮ" አሉኝ። አልተቆጡም። "ከፊትህ ነበርኩ፣ ነስሩ። አላየኸኝም?"

ክንዳቸው ተሰብሯል። ሌላ ጉዳት የለም ተባለ፣ አልሐምዱሊላህ። ለትራፊክ ፖሊሱ ቃል ሰጠሁ። "ድንገት ገቡብኝ" አልኩ።

ድንገት ገቡብኝ... አልኩ።

ኅዳር 5

ሁሉንም ለሰሊማ ነገርኳት። እየጎተተች ሀዋሳ፣ ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደችኝ።

"ግላኮማ ነው" አለች ሐኪሟ። "የቀኙ ከሞላ ጎደል ሄዷል። የግራውም በአፍንጫዎ በኩል መደብዘዝ ጀምሯል።"

"ይመለሳል?"

"የሄደው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን።"

"መኪናስ?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ከእንግዲህ አይነዱም።"

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

ኅዳር 6

ፋርማሲ አልከፈትኩም።

ኅዳር 9

ዛሬም።

ኅዳር 19

እትዬ ሊሻን ቤት ሄድኩ፣ በታክሲ። ሰሊማ ልምጣ ብላ ነበር፤ እምቢ አልኳት።

"ዓይኔ ነው" አልኳቸው። "እርስዎ አልገቡብኝም።"

"ቀድመህ ታውቅ ነበር?"

"ከስድስት ቀን በፊት።"

"እያወቅክ ነዳህ።"

"አዎ።"

በጀሶ የታሰረ ክንዳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፣ አልረገሙኝምም። "እንሰት የምፍቅበት እጅ ነው" አሉ።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን አስተካከልኩ። የተቀበለኝ ሰው ሁለቴ አነበበው። "ይሄ አንተኑ ነው የሚጎዳህ" አለኝ። አውቃለሁ። ስናገር ይቀልለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ታኅሣሥ 12

የበሩ መቃን ዛሬም ግንባሬን መታኝ። በገዛ ቤቴ! ጠብታ ጠዋት፣ ጠብታ ማታ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ወደዚያ አልሄድም። በሱብሒ፣ በንጋቱ ሶላት፣ ለሱጁድ በግንባሬ ወርጄ ሳልነሣ ቆየሁ። ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። የሄደው እንዲመለስ? የቀረው እንዲቆይ? ወይስ የእትዬ ሊሻን ክንድ...

መጋቢት 8

ሰሊማ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ትናንት ብቻዋን ጋሽ ዳኘ ጋ ሄዳ ቸርኬ አስቀይራ መጣች፤ አስራ አራቱን፣ ከወፍራም ጎማ ጋር። አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝስ ምን እላት ነበር?

ዛሬ ወደ ዶዮገና እሷ ወሰደችኝ። የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ ሚያዝያ ላይ ነው፤ እስከዚያ ፋርማሲውን እንድከፍት ብላ ነው። ስትነዳ ቀርፋፋ ናት። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብናል። በዚህች መኪና በቀኝ ወንበር ተቀምጬ አላውቅም ነበር። በመስኮቴ በኩል ምንም የለም፤ ማሳው፣ እግረኛው፣ የአስፋልቱ ዳር፣ ሁሉም ጭጋግ። እጄ ሁለቴ ማርሹን ፈለገ።

"ምነው ዝም አልክ?" አለችኝ።

ልመልስላት ወደ ግራ ዞርኩ። ከንፈሯን ነክሳ መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳለች። አገጯ ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር ታየችኝ። ግራው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ሐኪሟ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

"ምን እንዲህ ታፈጥብኛለህ? እያሳሳትከኝ ነው" አለች።

ዓይኔን ከፊቷ አላነሣሁም።