ሩጫው የራሴ በር ላይ ሲቆም

ይድረስ ለልጄ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ የሩጫ ቡድን ጋር እየሮጥን የአቅመ ደካሞችን ግቢ እናጸዳለን ስልሽ ስቀሽብኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አካፋዬን ይዤ ስከተላቸው የራሴ በር ላይ ቆሙ።

«ዛሬ የምንረዳው እዚህ የሚኖሩትን አሮጊት ነው» አለ ቤቴን የማያውቀው አሰልጣኛችን።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ልጃቸው ከውጭ ደውላ ለምናን ነው።»

ቁልፌን አውጥቼ በሩን ስከፍት ሁሉም አቀረቀሩ። አብሬያቸው ሣሩን አጨድኩ፤ እንባዬ ግን አልቆም አለኝ። ባዳ ቢያደርገው ባልከፋኝ፤ የሆዴ ልጅ ከጀርባዬ አቅመ ደካማ ትበለኝ?

ብቻ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ የሰው ፊት አያሳይሽ። እባክሽ ልጄ፣ ስለ እኔ መጠየቅ ሲያምርሽ ለእኔ ደውይልኝ።

እናትሽ