የጉዲሳን ስልክ ያነሳችው ሴት

ልጄ ሩሐማ፣ ናጋ ነሽ ወይ፣ ሰላም ነሽ? ጌታ በሰው አገር በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ። ነገሌ ላይ ሁላችን ደህና ነን፤ ዝናቡም ትንሽ ጣል አድርጓል።

እንዳልሽኝ ወደ ርካሹ መስመር ቀየርኩ። አዲሱን ቁጥሬን ለዘመድ ለመንገር ስደዋውል፣ እጄ ለምዶ ባለፈው ዓመት ያረፈውን የወንድምሽን የጉዲሳን ቁጥር ነካ። ጠራ። አንዲት ሴት አነሳች።

«የሟቹ ልጄ ስልክ ነበር» አልኳት።

«እማማ፣ እኔ ቁጥሩን ያቤሎ ከሱቅ ነው የገዛሁት። ከውጭ አገር አንዲት ልጅ እየደወለች፣ ምንም ሳትናገር ታለቅሳለች። እንዳይከፋት ብዬ አልዘጋባትም» አለችኝ።

ደዋይዋ ማን እንደሆነች አልጠየቅኳትም። ለካ ከእኔ ጋር ስታወሪ የምትስቂው እኔን ብለሽ ነው። ሩሑዬ፣ እባክሽ ሲብስብሽ ለእኔ ደውዪ፤ አብረን እናልቅሰው።

እንባሽን ጌታ ይጥረግልሽ።

እናትሽ ሸዋርካብሽ