ባዬን ከክበብህ አውጣው

ለወንድሜ ለዳምጤ፣

እንደ ገዳሪፍ ጭቃ እግር ይዞ የማይለቅ ሰላምታዬ ካለህበት ሜልቦርን ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ብርዱ አሁንም አጥንትህ ውስጥ ይገባል ወይስ ለመድከው? ባለቤትህ ውዴስ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ? አማርኛቸው አለ ወይስ እየሳሳ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አማችህ አንዳርጋቸው ጉልበቱን ያመዋል፣ ምላሱ ግን ጤነኛ ነው። ብፅአት በቁመት አልፋኛለች፤ አሁን እኔ ነኝ ቀና ብዬ የምቆጣት። የዘንድሮው የኸሪፍ ዝናብ ዘግይቶ ገባ፣ ከገባ ወዲያ ግን መውጫውን ረሳው። መንገዱ ጫማ እየነጠቀ ያስቀራል። ሰሊጡ አምሯል ይላሉ።

ደህና ነን ያልኩህ ስለ ቤቴ ነው። ጎረቤታችን ሸጊቱ ግን ደህና አይደለችም። ከዒድ ማግስት ጀምሮ አልጋ ላይ ናት። ደም ግፊቷ ወጥቶ ግራ እጇ ደንዝዟል፤ አፏም ጎበጥ ብሎ ነበር፣ እሱስ አሁን ተመልሶላታል። ሐኪሙ ጨው ከለከላት። እሷ ደግሞ «ጨው የሌለው ወጥ ከምታበይኝ ከፍነሽ ቅበሪኝ» እያለች ትቆጣኛለች፤ ስትቆጣ ደስ ይለኛል፣ ነፍስ አላት ማለት ነው። ጠዋት ሰሊጥ ላበጥር ወደ መጋዘኑ ከመሄዴ በፊት እኔ ገላዋን አጥባታለሁ፣ ቀን ብፅአት ታስታምማታለች፣ ሲመሽ ራዲያ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች። አንድ ልጇ ባዬ ግን አጠገቧ የለም። ሥራውን ትቶ ከከተማ ውጭ ሰው እርሻ ላይ ተደብቋል።

ምን አግኝቷቸው ነው እንደምትል አውቃለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው። ነገሩ ካንተ ክበብ የመጣ ነውና እባክህ ሳትቆጣ አንብበኝ።

ሐምሌ ላይ የደወልክልኝን ታስታውሳለህ። ሰው ሁሉ ያጣውን ነገር የሚፈልግበት ያ ትልቁ የኢንተርኔት ኩባንያ አዲስ መገናኛ አወጣ፣ የሚገባው የተጋበዘ ብቻ ነው፣ እኔ ገብቻለሁ፣ አንቺንም ክበቤ ውስጥ አስገብቼሻለሁ አልከኝ። ድምፅህ ከስልኩ ጮሆ ስለሚወጣ አንዳርጋቸው ሰማ። «ክበብ?» አለ፣ ጉርሻውን መልሶ አስቀምጦ። «የምን ክበብ?» በደርግ ጊዜ የውይይት ክበብ እያሉ ስንት ሰኞ እንዳንገላቱት ታውቅ የለ። «እኔ ከክበብ ሸሽቼ መተማን በእግሬ ተሻገርኩ፤ አማቼ ደግሞ ባሕር ማዶ ተቀምጦ በስልክ ክበብ ያስገባኛል!» ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ብፅአት ሞባይሏን ይዛ በተቀመጠች ቁጥር «ስብሰባው ተጀመረ?» ይላታል። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው እሱ በቀልዱ ከሁላችን ቀድሞ ገብቶት ነበር።

ብፅአት ከፍታ አሳየችኝ። አንዱ ክብ ቤተሰብ ይላል፣ አንዱ ወዳጅ፣ አንዱ የሚያውቁት ሰው። ሰውን እየጎተቱ እንደ ድንች ወደየክቡ መጣል ነው። «እማዬ፣ ሸጊቱን የት ላስገባት?» አለችኝ። ቤተሰብ እንዳልል በሥጋ አንገናኝም። ወዳጅ እንዳልል ብፅአትን የተቀበለችልኝ እሷ፣ ያረሰችኝ እሷ፣ ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ። አበልጄ ናት። ማሽኑ አበልጅ የሚል ክብ የለውም። ራዲያንም ጠየቅናት፤ «እኔን በሩ ላይ ተዉኝ፣ ገቢ ወጪውን ልይላችሁ» አለችን።

ከዚያ ስም ጠየቀ። እውነተኛ ስም ካልሆነ አልቀበልም ይላል፤ ያባት ስም፣ የተወለድሽበት ቀን፣ የምትኖሪበት ከተማ። እዚህ እኮ አንድ ሰው ስንት ስም እንዳለው አንተ ታውቃለህ። ለካምፑ ካርድ አንድ፣ ለአሠሪ አንድ፣ ለቤተ ክርስቲያን አንድ፣ እናቱ የምትጠራበት አንድ። አንተስ ራስህ ስንት በጋ ሙሉ አብደላ እየተባልክ ጡብ አልሠራህም? ስም እዚህ እንደ ጃንጥላ ነው፤ ዝናቡ በመጣበት በኩል ይዘረጋል። ሰውየው ዋሽቶ አይደለም፣ ላለመበስበስ ነው። ለዚህ ማሽን ግን ይህ ሁሉ ውሸት ነው።

ባዬም ለዚሁ ነው ከደጅ ኸድር የሆነው። ትራክተሩን የሚነዳላቸው ባለ እርሻዎች ኸድር ነው የሚሉት፣ ጋራዡም ፖሊሱም እንደዚያው። ባዬ የሚለው ስም ከእናቱ ግቢና ከእኛ አፍ አልፎ አያውቅም። ምክንያቱን ላንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ነገር ግን የረሳኸው መስሎኛልና ልድገመው። አባቱ አርማጭሆ ላይ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ሰው ገደለ። ሸጊቱን ከነአራስ ልጇ ይዞ ተሻገረ። ሽማግሌ ተልኮ ደሙ ሳይደርቅ ኸሽም ኤል ቂርባ ላይ ወባ ጨረሰው። አባት ሲሞት ደሙ ወደ ልጅ ዞረ። የሟቹ ወንድሞች እስከ ዛሬ አልታረቁም፤ ያገኙት እንደሆነ አይምሩትም። አንተም እኮ ያኔ «ይህ ልጅ ከእንግዲህ ኸድር ነው» ካሉት ሰዎች አንዱ ነበርክ።

የራዲያ ልጅ ዩስራ ስታገባ የተነሳነውን ፎቶ ብፅአት ላከችልህ። አንተም ደስ ብሎህ በክበብህ ለጠፍከው። መለጠፉስ ባልከፋ። ማሽኑ በየፊታችን ላይ ሳጥን እየሠራ ይህ ማነው፣ ይህችስ ማናት ብሎ ሲጠይቅህ፣ አንተ በየራሳችን ላይ ስም ጻፍክ። በባዬ ላይ የጻፍከው ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ነው። ቀጥለህ ደግሞ «ገዳሪፍ ላይ ኸድር የምንለው፣ የትራክተሩ ንጉሥ» አልክ። ዳምጤ፣ ሁለቱን ስም አንድ ላይ ሰፋሃቸው። እኔ ያባቱን ስም በዚህ ወረቀት ላይ እንኳ አልጽፈውም።

ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ። ሲያሳድጉን የማን ልጅ ነህ ሲባል እስከ አያት መቁጠር ነው ያስተማሩን። ቆጥሮ የማይመልስ ልጅ ቤተሰቡን ያሰድባል። ማሽኑ እውነተኛ ስም ሲልህ ያው ጨዋ ልጅ ሆነህ መለስክለት። ግን ያኔ የሚጠይቀን ጥላ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ ነበር፤ ዓይኑን እያየን፣ የማን ወገን እንደሆነ እያወቅን ነው የምንመልስለት። ይሄ የሚጠይቅህ ማነው? ፊቱን አይተኸዋል?

ክበቡ የቤተሰብ ነው አልክ። በቤተሰብ ክበብህ ውስጥ ጎንደር ያለው የአክስታችን ልጅ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አፉ ግን ወንፊት ነው። እሱ በተራው ለራሱ ክበብ አሳየ፤ ኢንተርኔት ቤት ከኋላው ቆሞ ተራ የሚጠብቀውም አየ። በዒድ ማግስት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከመተማ መጥቶ ራዲያ ሱቅ ውኃ ሲጠጣ «እዚህ ኸድር የሚባል ትራክተር ነጂ አለ አሉ፣ እውነተኛ ስሙ ባዬ ነው፣ ጎንደር ላይ ፎቶውን እየተቀባበሉ ያዩታል፤ ታውቂዋለሽ?» አላት። ራዲያ መች ትደነግጣለች! «ኸድርማ እዚህ እንደ ዝንብ ነው፤ የትኛውን ልያዝልህ?» ብላ ሸኘችው። ሸጊቱ ግን ሳሙና ልትገዛ ከኋላው ቆማ ነበር። እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ነው የወደቀችው።

ብፅአት በዚያው ቀን ደወለችልህ። ለቤተሰብ ብቻ ነው የሚታየው፣ አትፍሩ፣ ስላልለመዳችሁት ነው አልካት። ወንድሜ፣ ያልለመድነው ማሽኑን ነው እንጂ ሰውንማ ለምደነዋል። ያንተ ክበብ የእሾህ ዘሪባ ነው፤ ከብት ያግዳል፣ ዓይን ግን አያግድም።

ደግሞ በነፃ ነው ብለኸኝ ነበር። ይህን ሰሊጥ ሳበጥር ስንት ቀን አሰብኩበት። እዚህ ገበያ ሰምሳሩ፣ ደላላው ማለቴ ነው፣ ገበሬ ሲያይ መጀመሪያ ሻይ ይጋብዛል። ሻዩ በነፃ ነው። ገበሬው ብርጭቆውን እስኪጨርስ ዝናቡ እንዴት እንደነበር፣ ሚስቱ ታማ እንደሆነ፣ ወደ አገሩ ለመመለስ ምን ያህል እንደቸኮለ ሁሉ አውርቶ ይጨርሳል። ዋጋው የሚቆረጠው ያኔ ነው። ያን የሚያህል ኩባንያ የእኔን አበልጅ ፊት በሳጥን እየከበበ ማናት ብሎ የሚጠይቀው ሻይ ተርፎት ነው? እኔ አላውቅም። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ነው። ብቻ ጋባዡ ምን ሊገዛ እንደመጣ ሳላውቅ ብርጭቆ አልጨብጥም።

ጥቅሙ ጠፍቶኝ እንዳይመስልህ። የትንሿን ልጅህን የወለቀ ጥርስ ያየሁት በዚያው ነው፤ አይቼ አልቅሻለሁ። ወጣቶቹ ተጠፋፍተው የከረሙ ወዳጆቻቸውን ያገኙበታል፤ ያ ክፉ ነው አልልም። ግን አንዳንድ ሰው የጠፋው መጥፋት ስላለበት ነው። ይህን የሚያውቅ ክብ አላየሁም።

የምለምንህ ይህን ነው። ፎቶውን አውርደው። ከባዬ ራስ ላይ ስሙን አንሳው። ለአክስታችን ልጅም ደውለህ ያስቀረውን እንዲያጠፋ ተቆጣው፣ አንተን ይፈራል። ብፅአትን ከተነሳ በኋላ ፈጽሞ ይጠፋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ለእኛ አይታየንም እማዬ፣ እነሱ ዘንድ ግን የሚቀር ይመስለኛል» አለችኝ። እሱ ከብዶኛል። ቢሆንም የሚታየው ይነሳ። ሸጊቱ ተነሳ ሲሏት ትድን ይሆናል፤ እስካሁን በር በተንኳኳ ቁጥር ጨርቋን አፏ ላይ ትይዛለች። እኔም እዚያ አልገባም፤ ከእንግዲህ በዚያ ብቻ እንገናኝ ያልከውን ተወውና እንደ ድሮው ደውልልኝ። መስመሩ ቢቆራረጥም ልመደው፣ ስንቱን ለምደን የለ።

ደብዳቤውን የራዲያ ወንድም እስማኤል ያደርስልሃል። ለዒድ መጥቶ የነበረው ነገ ማለዳ በካርቱም አድርጎ ወደ እናንተ ይመለሳል። ውዴን ግንባሯን ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ነጠላ ጫማ ጭቃ እንዳይበላው ሣጥን ውስጥ ነው በላት። ልጅህን ማሩን አክስትህ አማርኛ ካላወራህ አታናግርህም ብላለች በለው። ትንሿን ደግሞ ጥርሷ ከወለቀበት ላይ ሳምልኝ። ለአማትህ ለእማማ ጥሩዬም እጅ ነሥቻለሁ። አንዳርጋቸው በስብሰባው ባለመገኘቴ አማቼ ይቅር ይበለኝ ይላል። ራዲያና ዩስራ ሰላም ብለዋል። አዲሱ ዓመት ለሁላችሁም ጤና ይዞ ይግባ።

ይኸውልህ፣ ልዘጋው ስል ባዬ መጣ። ከተደበቀበት እርሻ በጭቃው በእግሩ ነው የመጣው። ነገ ወደ ኒው ሀልፋ ሊሄድ ነው፤ የሸንኮራ እርሻው ላይ ሥራ ተገኝቶለታል፣ ሌላ ስምም ይዟል። እናቱን ተሰናብቶ ወደ እኔ ገባ። የሚቆጣህ መስሎኝ ስላንተ ይቅርታ ልለምነው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «እትዬ፣ ጋሼ ዳምጤ የጻፈውን አሳዩኝ» ብቻ አለ። ብፅአት ከፈተችለት። የተማረው በዓረብኛ አይደል፣ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ አነበበ። የራሱን አነበበ። ያባቱን አነበበ። ያያቱ ላይ ሲደርስ ቆመና «ይሄ ማነው?» አለኝ። ለካ ሸጊቱ ፈርታ ነግራው አታውቅም። ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደጋግሞ ጠራው።

ከዚያ ሞባይሉን ለብፅአት መለሰላት። «ይጥፋ» አለ። «እናቴ ትዳንልኝ፣ ይጥፋ። ግን ለጋሼ ዳምጤ ንገሩልኝ። ቁጥሬን ለእስማኤል በቃል እነግረዋለሁ። ሲደውል ኸድርም አይበለኝ፣ አዲሱንም ስም አይበለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እይዘዋለሁ፣ ሰው አይሰማም። አንድ ጊዜ ብቻ እስከ አያቴ ቆጥሮ ይጥራኝ። አቤት እለዋለሁ።»

እህትህ አሰፋሽ
ገዳሪፍ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2003 ዓ.ም.