ፊሽካውን ያልነፋው ዘበኛ

ለምሳሳልህ አባቴ፣

ሰላምታዬ ደጃፉን አልፎ፣ ከወንበርህ አጠገብ ደርሶ ይቀመጥልኝ። ጉልበትህ እንዴት ነው? አሁንም ደረጃ በወጣህ ቁጥር በእርጅና ታመካኛለህ? እማዬንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ። ለረጅም ጊዜ እናንተ እንዳትጨነቁ ብቻ ስለው ስለኖርኩ፣ ዛሬ እውነት ሲሆን ውሸት ውሸት ይሸተኛል።

ከበሽታ የሚከላከሉልኝ የገዛ ሰውነቴ ጠባቂዎች ጡንቻዬን እንደ ሌባ እንደያዙት ታውቃለህ። የዐይኔ ቆብ ይወድቃል፣ ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፣ ቃሌ በአፍንጫዬ ይወጣል። በስልክ "ይሄ የማን ድምፅ ነው?" ያልከኝ ጊዜ ስልኩን ዘግቼ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። የመጀመሪያው መድኃኒት ደግሞ አልጋው እስኪነቃነቅ አንቀጠቀጠኝ። ሐኪሟ ወዲያው አቋረጠችው።

ከዚያ አዲስ መድኃኒት ከሚሠሩልኝ ሰዎች አንዷ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ ሰውነታችን በሽታ ሲገባው ከሚሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት አንዱ ነው፤ እነሱ በቤተ ሙከራ ያበጁታል። ሁለት እጅና አንድ ጭራ አለው። በእጆቹ የሚፈልገውን ይይዛል፣ በጭራው ሌሎቹን ጠባቂዎች ይጠራል። ለካንሰር ሲሆን ጥሪው ይፈለጋል፣ እንዲያውም ያጎሉታል። ለእኔ ግን ጡንቻዬን የሚያጠቃውን መያዙ ብቻ ይበቃ ነበር። የመጀመሪያው ያዘም፣ ጠራም። አገር ምድሩ ተነሣብኝ።

አባዬ፣ ያኔ ትዝ አልከኝ። ዘበኛ በነበርክበት መጋዘን በር ላይ፣ ጎማ የሰረቀውን ሰው በቀበቶው ጨምድደህ፣ ፊሽካው አንገትህ ላይ እያለ ሳትነፋው ፖሊስ እስኪመጣ የቆምክበት ቀን። ከነፋሁት ሰፈሩ ወጥቶ ይገድለዋል አልክ። አለቃህ "ፊሽካ የሰጠንህ ለጌጥ ነው እንዴ?" ብሎ አዋረደህ። ይህን ስነግራት ሴትየዋ ሳቀች። አዲሱ መድኃኒትም እንደዚያ ያለ ዘበኛ ነው አለች፤ እጆቹ እንዳሉ ናቸው፣ ጭራው ላይ ግን ጥቂት ቦታ ቀይረን ጥሪውን ነሥተነዋል። ከአጠገቤ የተኙት አዛውንት "ታዲያ መርፌው ምን ያደርጋል፣ አባትየውን አምጡላት እንጂ!" ብለው አሾፉ።

እኔ አልሳቅሁም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ፍርሃቴን አይታ አንድ ልማዳቸውን ነገረችኝ። አስቀድመው ከበሽተኛው ደም ጥቂት ይቀዱና መድኃኒቱን ጨምረው ያሳድሩታል፤ ጠባቂዎቹ ከተቆጡ ደሙ ይናገራል። የእኔን ደም በሁለት ብልቃጥ፣ አንዱን ከአሮጌው፣ አንዱን ከአዲሱ ጋር አሳደሩት። አሮጌው ያለበት ተቆጥቶ ተገኘ። አዲሱ ያለበት ዝም። ዝምታን እንዲህ አመስግኜ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ክንዴ ገባ። ጠብታውን እያየሁ ያ ብርድ ብርድ የሚለው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ሳይመጣ ቀረ። ቀናት አለፉ። ውኃ ያለ ትንታ ወረደልኝ፣ ከዚያ ዳቦ። ትናንት ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ፣ አንተ እንዳስተማርከኝ። ወራት ሙሉ ነፋስ ብቻ ይወጣው ነበር። ፉጨት ወጣ! ነርሷ "እዚህ ሰው ታሟል እኮ!" እያለች ሮጣ መጣች። እኔ መሆኔን ስታይ አፏን ይዛ ቆመች።

በሽታው ተመልሶ ይመጣ ይሆን? ሐኪሟም አላውቅም ትላለች። አሁንም ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የዐይኔን ቆብ እዳስሳለሁ። ግን ተመስገን። የእነዚያ ሰዎች እጅ ይባረክ። ያንተም እጅ፤ መያዝንና ዝም ማለትን አንድ ላይ ያየሁት ካንተ ነው።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። "አንደበተ ቀርፋፋ" እያለ የቀለደብኝን ታላቅ ወንድሜን መልስ እንዲያዘጋጅ ንገረው፣ መጣሁልህ ብላለች በለው። ለአክስቴ፣ ለታናሽ እህቴና ለዚያች አፍ ለፈታች ልጇ ናፍቆቴ ይድረስ። እሑድ ስልኩን አንተው አንሣው። ማን ነሽ እንዳትለኝ፣ ከመናገሬ በፊት አፏጫለሁ።

ልጅህ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ
ኅዳር ፲፪ ቀን