በፋሲካ ቅቤ የተሠራ ጓንት

ሐሙስ፣ መጋቢት 17፣ ናይሮቢ

ልጄ ሶስና ነገ ክፍሏ ፊት ቆማ የበረዶ ድብ ያንን ብርድ እንዴት እንደሚችለው በሙከራ ታሳያለች። ቲቸሯ የአሳማ ስብ አምጪ ብላታለች። በእኔ ቤት የአሳማ ስብ! ከኢስትሊ ገበያ ገዝቼ ለፋሲካው ዶሮ ያነጠርኩትን ቅቤ ከፍሪጅ አወጣሁ። በሁለት ላስቲክ መሀል ጠቅጥቀን ጓንት አደረግነው። ግራ እጄን ባዶውን፣ ቀኜን ከነጓንቱ በረዶ ውሃ ውስጥ ከተትኩ። ግራዬ ወዲያው ደነዘዘ፤ ቀኜ ብርድ መኖሩንም አላወቀ። ድቡም ከቆዳው ሥር እንዲህ ያለ ጮማ ደርቦ ነው ለካ የሚንጎራደደው።

የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ አልማዝ፣ አዩኝ።

«በሁዳዴ እጅሽን ቅቤ ውስጥ ትከቺያለሽ?»

«እጄ አፍ የለውም፣ እትዬ» አልኳቸው።

ሶስና ግን ሌላ ነገር ፈርታለች። «ማሚ፣ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ክላሱ ሁሉ ይስቅብኛል።»

«ይሳቁ። እጃቸውን ሲከቱ ዝም ይላሉ።»

ዝም እንደሚሉ እርግጠኛ ነኝ። ሙከራው ሠርቷል።

እኔ ግን ሙከራው ካለቀም በኋላ የቅቤውን ጓንት ያስቀመጥኩበት ሳህን ላይ እንዳጎነበስኩ ቆየሁ። እትዬ አልማዝ ስለ እጄ እንጂ ስለ አፍንጫዬ አልጠየቁኝም።