አራት መስመር ስለ አባትሽ

ውድ ኬሌራ፣

ትናንት የጻፍሽልኝን አነበብኩት። «አባቴን በአንድ ቃል ንገሪኝ ብዬ ለመንኩሽ፤ አንቺ ስለ ዳቦ ዛፍ ፍሬ ጻፍሽልኝ» ትያለሽ። ከዚያ በታች ያለውን ስድብ አልደግመውም። የአጎትና የአክስት ልጆች ስለሆንን መሰዳደብ ወጋችን ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ማንም ሳይቆጣን ስንሞላለጭ አድገናል። የትናንቱ ግን የጨዋታ አልነበረም። አስለቀሰኝ።

ስለ አባትሽ የማውቀውን አስቀድሜ ልንገርሽ። አልተገኙም። አልተቀበሩም። ከዚህ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በደሴቱ ላይ የለም፤ አውቃለሁ ያለሽ ካለ ዋሽቶሻል። አሁን ኮረብታው ራስ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አውሎ ነፋሱ ምሰሶውን ከጣለው ወዲህ ኔትወርክ የሚይዘው እዚህ ብቻ ነው። ከዋና ከተማው ከሱቫ የመጡት ፈላጊዎች ከታች ባሕር ዳር ውሃው ውስጥ ወደበቀለው የማንግሮቭ ጫካ ከገቡ ቆዩ። እስኪወጡ ድረስ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስላልቻልኩ እጽፍልሻለሁ።

ብሎጉን ከጀመርኩ አንስቶ በቀርፋፋነቴ ስትስቂብኝ ኖረሻል። «ታራ አንድ ጽሑፍ እስክታወጣ እናቷ ሦስት ምንጣፍ ሠርታ ትጨርሳለች» እያልሽ ብሪስባን ላለው ዘመድ ሁሉ አወራሽ። እውነትሽን ነው። ስለ ምንጣፍ አሠራር ያነበብሽውን ለመጻፍ የሚሠራበት ቅጠል እስኪደርቅ ጠብቄያለሁ። ከዚያ አሮጊቶቹን ዞሬ አነበብኩላቸው፤ ሁለቱ ባልተስማሙበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ብቻ ከቤት ቤት ስመላለስ ከረምኩ። አንቺ ግን ውሃ እስኪፈላልሽ አንብበሽ ጨረስሽው። ይሄ አያናድደኝም። የጻፈው ይደክማል፣ ያነበበው ይሄዳል፤ ሥራው እንዲህ ነው።

ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ግን ቀርፋፋነቴ የሚያስቅ ነገር መሆኑ ቀረ። የአባትሽ ጀልባ ደሴቱን ከከበበው የኮራል ዐለት ውጭ ተገልብጣ ተገኘች፤ እሳቸው አልነበሩባትም። በውጭ ያለው ዘመድ ሁሉ በብሎጉ ግርጌ ተኮለኮለ። «ግጥም ነው እንዴ የምትጽፊው? አሉ ወይስ የሉም? አንድ ቃል!» ብለሽ የጻፍሽው ያኔ ነው።

ያንን አንድ ቃል ጽፌው ነበር። «አሉ» ብዬ ጽፌ ጣቴን መላኪያው ላይ አድርጌ ነበር። የእህታቸው ልጅ ስለሆንኩ ከቤታቸው ያማረኝን አንስቼ ብሄድ በወጋችን አይከለክሉኝም። አዲሱን መጥረቢያቸውን ይዤ ስወጣ «እጀታውንስ ወደድሽው? ካልሆነ ልቀይርልሽ» ያሉኝ ሰው ናቸው። እንደምወዳቸው አንድ ቀን እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ያንን ቃል የጻፍኩት እንዲኖሩ ስለፈለግኩ ነው እንጂ መኖራቸውን አውቄ አይደለም። አጠፋሁት።

እኔ ሳጠፋ ቪሊሞኒ ጻፈ። ታውቂዋለሽ፤ ናንዲ ከተማ ተቀምጦ የደሴታችንን ወሬ በየሰዓቱ የሚለጥፈውን። ከደሴቱ ጀርባ ካለው ከናምቡኒ መንደር የወጣ ፎቶ እጁ ገባ። ወንዶች አንድ ጉድጓድ ዙሪያ ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይጸልያሉ። ጉድጓዱ ውስጥ በቅጠል የተሸፈነ ነገር ይታያል። «አጎታችን ኤሞሲ በናምቡኒ በክብር ተቀበሩ» ብሎ አወጣው። አንቺ ፀጉርሽን የተቆረጥሽው፣ ወንድምሽ ጥቁር ጨርቅ የገዛው ይህን አይታችሁ ነው። ከኮራሉ ውጭ ስትፈልጋቸው የነበረችው የሱቫዎቹ የፍለጋ ጀልባም ሰውየው ከተገኙ ምን አቆየኝ ብላ ወደ ሌላ ደሴት ሄደች።

የመንደራችን ሹም አፓኩኪ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ አንቺም ጻፊውና ለቅሶ እንቀመጥ» አሉኝ።

«ሲቀበሩ ማን አየ?»

«ናምቡኒዎች ናቸዋ!»

«ለእርስዎ ነገሩዎት?»

«ፎቶው አለ አይደል እንዴ! አገር ሁሉ እያለቀሰ አንቺ ብቻሽን ዳኛ ልትሆኚ ነው?»

«ከጽሑፉ በታች የሚሰፍረው የኔ ስም ነው፣ አባባ።»

ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ ወጡ። በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ቦታ ለቀቁልኝ። ለአክብሮት እንዳልሆነ ገብቶኛል። አንዷ ድምጿን ሳትቀንስ «ልቧ ድንጋይ ነው» አለች።

ቸልተኛ አልነበርኩም፣ ኬሌራ። አባትሽ የሆነ ቦታ በሕይወት ካሉ እኔ የማባክነው እያንዳንዱ ሰዓት ከእሳቸው ላይ የሚቆረጥ መሆኑን እያወቅኩ ነው የዘገየሁት። «ቪሊሞኒ ተሳስቷል» ብዬ ወዲያው መጻፍ እችል ነበር። ግን ያኔ እኔም ሳላይ መጻፌ ነው፤ ጀልባዋም የሁለት ሰዎች ጭቅጭቅ አንብባ አትመለስም። ስለዚህ ባዶ እጅ አይኬድምና ተወቅጦ የሚጠጣ የካቫ ሥር ለእጅ መንሻ ይዤ ወደ ናምቡኒ ተነሳሁ። የወደቁ ዛፎች መንገዱን ዘግተውት በገደሉ ዳር እየዞርኩ ሄድኩ።

ስደርስ ሰዎቹ እያለቀሱ ተቀበሉኝ። ሴሬማ፣ ያቺ ሳቂታዋ፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። «ምነው እኛ ሳንደርስ ቀበራችኋቸው?»

እጆቿን ከአንገቴ አላቀቅኩ።

«እናንተ አይደላችሁም እንዴ የቀበራችሁት?»

«እኛ? እዚህ ስልክ አይሠራ፤ በአፍ የደረሰን ሹማችሁ ቀበሩ የሚል ነው!»

ገባሽ? እኛ እነሱ የቀበሯቸው መስሎን ተቀምጠናል፤ እነሱ ደግሞ እኛ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ከነቪሊሞኒ ጽሑፍ አሳየኋት።

«ውይ በሞትኩት! ይሄማ የኔ ፎቶ ነው!» አለች ጭንቅላቷን ይዛ። «ለልጆቼ ‹አትስጉ፣ የምንበላው አለን› ብዬ ኮረብታው ድረስ ወጥቼ የላክሁት! ነፋሱ ያረገፈውን የዳቦ ዛፍ ፍሬ እንዳይበላሽ ጉድጓድ ስንከት እኮ ነው! መብል ሲከተት ይጸለያል፣ አንገት ይደፋል። ቪሊሞኒ ይሄን አያውቅም?»

«ናንዲ ነው ያደገው።»

«ታዲያ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ሰው ሊቀብር ነው?»

እያፈርኩ ጉድጓዱን እንዲከፍቱልኝ ለመንኩ። ቅጠሉን ገልጬ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ፍሬው መብላላት ጀምሮ ነበር፤ ሽታው እስካሁን አልለቀቀኝም።

«አሁንም አላመንሽንም?» አለች ሴሬማ ቅር ብሏት።

«አምኛችኋለሁ። ግን ነካሁት ብዬ መጻፍ አለብኝ።»

ከዚያ አባትሽን መጨረሻ ያየ ማን እንደሆነ ጠየቅኩ።

«እኔ ነኛ» አለች። «ነፋሱ ሳይጠና በጀልባቸው በዚህ አለፉ። ‹ምነው ባሕር ሊወጡ ነው እንዴ?› ስላቸው ‹አላበድኩም፤ ማንግሮቩ ውስጥ ላስራት ነው› አሉኝ። ወደ ምሥራቁ ጫካ ሲታጠፉ አይቻለሁ።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ተቀበሩ ለተባለ ሰው ምን ብዬ ልናገር?»

ፈላጊዎቹ ወደ ጫካው ዝር ብለው አያውቁም። ጀልባዋ ከኮራሉ ውጭ ስለተገኘች ሰውየውም እዚያው ሰጥመዋል ተብሎ ነበር። ማዕበሉ ባዶዋን በጥሶ ሊወስዳት እንደሚችል ማንም አላሰበም።

ትናንት ይህ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ስጽፍ መጀመሪያ የመጣልኝ ረጅም ነበር። «በሕይወት እንዳሉ ተስፋ እናደርጋለን» የሚለውን አጠፋሁ፤ የጀልባዋ አዛዥ የሚፈልገው ቦታ ነው፣ የኔ ተስፋ ምንም አይረዳውም። ቪሊሞኒን የዘለፍኩበትንም አጠፋሁ። ንዴቴ በረደልኝ እንጂ ለአባትሽ የሚጠቅም አልነበረም። የቀረው ይህ ነው፦

«ኤሞሲ አልተገኙም፤ አልተቀበሩም።
በፎቶው ላይ የሚታየው ጉድጓድ የዳቦ ዛፍ ፍሬ የተከተተበት ነው፤ አስከፍቼ በእጄ ነካሁት።
ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ነፋሱ ሳይጠና ከናምቡኒ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ማንግሮቭ ሲገቡ ነው።
ያየቻቸው የናምቡኒዋ ሴሬማ ናት።»

ስለ ፍሬው የጻፍኩት ለዚህ ነው። ያንን ፎቶ ያየ ሁሉ ሬሳ አይቷል። ያየው ምን እንደሆነ ካልነገርኩት ሌላውንም አያምነኝም። የጀልባዋ አዛዥ ይህን አንብቦ ዛሬ ጠዋት ተመለሰ፤ አምስት ሆነው በትንሿ ጀልባ ወደ ጫካው ገቡ።

ጥቁሩን አውልቂው አልልሽም፣ ኬሌራ፤ ልበሺውም አልልሽም። እኔም ፈርቻለሁ። ይዘዋቸው የሚወጡት በሸራ ጠቅልለው ከሆነ ሰው ሁሉ ልጅቷን በከንቱ አጓጓቻት ይለኛል፤ አንቺም ትይኛለሽ። ያንንም ቢሆን የምጽፈው እኔ ነኝ። ግን መጀመሪያ ላንቺ

ቆዪ። የሞተር ድምፅ ሰማሁ።

ጀልባዋ ከጫካው አፍ ወጥታለች። ሩቅ ናት። ፀሐዩ ውሃው ላይ ያንጸባርቃል፤ ዓይኔን ጠርጌ ሁለቴ ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው። ስድስቱም ተቀምጠዋል፤ የተኛ የለም።

የስድስተኛው ፊት ከዚህ አይታየኝም። ስለዚህ ብሎጉ ላይ ምንም አልጨመርኩም፤ እዚህም ስም አልጽፍልሽም። በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የነገርኩሽ፤ ካንቺ በፊት የሰማው የለም። ይህን ልኬልሽ ቁልቁል እሮጣለሁ፤ ፊታቸውን እንዳየሁ ተመልሼ እወጣለሁ። ስልክሽን ከእጅሽ አትለዪው።

የአክስትሽ ልጅ፣
ታራይቪኒ