በስሜ የታተመው የኦርቪል ፊት

ውድ ሎሬታ፣

ይህን ደብዳቤ ልጅሽ ቴሬዛ እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። ቴሬዛ፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርሺም አትሳቂብኝ፤ ዘለሽም አትለፊው።

ኦርቪል ጄንትሪ ሞተ። ባለፈው ማክሰኞ ቀበርነው። ስልክ አንስቼ ልነግርሽ ነበር፣ ግን መልሼ ዘጋሁት። በስልክ ሲሆን አንቺ ትቀልጃለሽ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ከዚያ ዋናውን ነገር ሳልናገር «ደህና ሁኚ» ብዬ እዘጋለሁ። ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳሁት።

የተገናኘንበትን ቅዳሜ መቼም አትረሺውም። እኔ ግን በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ ነግሬሽ አላውቅም። ባለቤቴ ዊልማ ከሞተች ዓመት አልሞላም ነበር። ውጭው ዝናብ ነው። ቤቱ ጭር ብሎብኝ ዝም ብዬ መኪናዬን አስነስቼ ቶሌዶን ስዞር፣ በቀድሞ ወታደሮች ክበብ በር ላይ «የአሮጌ ቤዝቦል ካርዶች ገበያ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ዝናቡን ላሳልፍ ብዬ ገባሁ። የገዛሁትን ሆትዶግ እየበላሁ በጠረጴዛዎቹ መሃል ስዞር፣ አንቺ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር ባለ የተጫዋች ፎቶ ካርድ ላይ፣ የኦርቪልን ፊት አየሁት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ላይ እንደነበረ ሆኖ፣ ጆሮዎቹ እንደ ድስት ጆሮ ግራና ቀኝ ወጥተው፣ ይስቅብኛል። ከሥሩ «ቨርነን ስትራውድ» ይላል። የእኔ ስም።

«ይህን ባየው ደስ ይለኛል» አልኩሽ።

«ማየት በነፃ ነው። ለመንካት ግን መጀመሪያ እጅዎን ያሳዩኝ» አልሽ። አሳየሁሽ። «ሰናፍጭ! እኔ ካርድ ነው የምሸጠው፣ ሳንድዊች አይደለም። ይጥረጉት።»

ጠረግሁት። ዋጋውን ስጠይቅሽ «መቶ ሃያ ዶላር» አልሽ።

«ለዚህ? ከማስቲካ ጋር በነፃ ይሰጥ ለነበረው?»

«ታዲያ ያኔ ማስቲካውን መግዛት ነበረብዎታ!»

«እኔ ለራሴ መቶ ሃያ ዶላር አልከፍልም።»

«ለራስዎ ካልሆነ ለማን ሊገዙት ነው?»

«አይ፣ ራሴ ነኝ ማለቴ ነው። ቨርነን ስትራውድ እኔ ነኝ።»

ካርዱን ወደ ፊቴ አስጠግተሽ አየሽ። ካርዱን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና ካርዱን። «እርስዎ» ማለትሽም እዚያው ቀረ። «አንተ ሰውዬ! አፍንጫ ከዕድሜ ጋር ሊያድግ ይችላል። ጆሮ ግን ሲሰበሰብ አይቼ አላውቅም። ውሸታም!»

ከጎንሽ ያለው ዌንደል፣ ያ ሁልጊዜ ሲጋራ ሳያቀጣጥል የሚያኝከው ነጋዴ፣ ነገሩን ሰምቶ «ሎሬታ፣ ዛሬ ደግሞ ማን መጣልሽ? ባለፈው ወር አንዱ ከመቃብር የተነሣ ተጫዋች ነኝ ብሎኝ ነበር» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ጠረጴዛሽ ላይ ጣልሁት።

አነበብሽው። ሳቅሽ ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ፣ ካርዱን አስፈርሞ ይሸኘኝ ነበር። አንቺ ግን ካርዱን ገልብጠሽ ጀርባውን አነበብሽ። «በቀኝ እጁ ይወረውራል ይላል። ፎቶው ላይ ግን ጓንቱ ያለው ቀኝ እጁ ላይ ነው። ይሄ ሰው ግራኝ ነው» አልሽ። ከዚያ ቀና ብለሽ በዝግታ ጠየቅሽኝ፦ «ማነው ይሄ?»

ሎሬታ፣ በዚያ ካርድ ምክንያት ሰው ሲጽፍልኝ ኖሯል። ሁሉም የሚፈልገው ፊርማዬን ነው። እኔም በኦርቪል ደረት ላይ ስሜን እየጻፍሁ እመልስላቸው ነበር። «ማነው ይሄ?» ብላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ። ወንበር ስበሽ «ተቀመጥ» አልሽኝ። ገዢዎችሽ ቆመው እየጠበቁ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጥሽኝ።

እኔና ኦርቪል በፍሎሪዳ በቡድናችን የልምምድ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ እንተኛ እንደነበር ነገርሁሽ። እንደ ኦርቪል ያለ ክንድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ትታያለች፣ መሃል መንገድ ላይ ትጠፋለች፣ ከዚያ የተቀባዩ ጓንት ውስጥ ስትጮህ ትሰማለች። ችግሩ ወዴት እንደምትሄድ እሱም አለማወቁ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ለካርዱ ፎቶ አንሺ መጣ። ከሰዓት በኋላ ኦርቪልን ቢሮ ጠሩትና አሰናበቱት። ሻንጣውን ይዞ፣ እጄን ጨብጦ፣ አውቶቡስ ተሳፈረ። በትልቁ ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም። እኔ ገባሁ፤ ዓመት ሳይሞላኝ ትከሻዬ ተበላሸና ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ካርዱ ሲወጣ ስሙ የእኔ፣ ፎቶው የእሱ ሆነ። ካርድ አታሚዎቹ ስህተቱን ሲያውቁ ፎቶውን ቀየሩት። ለዚህ ነው የመጀመሪያው እትም የተወደደው።

«እሱስ ያውቃል?» አልሽኝ።

«እንጃ። ከኬንታኪ ትምባሆ ገበሬዎች ወገን ነው። ሌላ የማውቀው የለም።»

«ኬንታኪ ስልክ አላት አይደል?»

በሳምንቱ ወደ ካርድ ሱቅሽ ስመጣ የኬንታኪን የስልክ ማውጫ ዘርግተሽ ጄንትሪ የሚባለውን ሁሉ በየተራ ትደውዪ ነበር። አንዱ ሰድቦሽ ዘጋ፣ አንዷ ስለ ቀዶ ሕክምናዋ ስታጫውትሽ ቆየች፣ አንዱ ካላገባሁሽ አለ። በመጨረሻ የኦርቪል ሚስት ሜቪስ አነሣች። «ቤዝቦል? የእኔ ባል የሚያውቀው ትራክተር መጠገን ነው» አለች። ከዚያ «ማን ፈለገው ልበል?» ስትልሽ ስሜን ነገርሻት። ቀጥሎ እኔም ከማዶ የሰማሁት ጩኸት መጣ፦ «ኦርቪል! ኧረ ኦርቪል! ስምህ ስልክ ላይ ነው!»

በዚያች በምታስነጥስ መኪናሽ ወደ ኬንታኪ ሄድን። ኦርቪል በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀን። ፀጉሩ አልቋል፣ ትከሻው ጎብጧል፣ ጆሮዎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። በክርንሽ ጎሸም አደረግሽኝና «ይቅርታ፣ አንተ ውሸታም አልነበርክም» አልሽኝ። እየሳቅሁ አቀፍሁት፤ አቅፌው ሳለቅስ ግን ዞር ብለሽ ዛፍ ያየሽ መሰልሽ።

ከዚያ ከአልጋው ሥር ያን የጫማ ሣጥን ጎትቶ አመጣ። ካርዱ ነው። አንድ አይደለም፣ አሥር አይደለም፤ ሣጥኑ ሙሉ። በሳንቲም ይሸጥ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ በፖስታ እያስመጣ፣ ዕድሜ ልኩን ገዝቷቸዋል።

«ልጆቹ አያውቁም» አለች ሜቪስ።

«ምን ብዬ ላሳያቸው?» አለ ኦርቪል። «ፎቶው የእኔ ነው፣ ስሙ ግን የሌላ ሰው። ጎረቤቱስ ምን ይለኛል? ውሸታም አባት ከመሆን ዝምተኛ አባት መሆን ይሻላል።» ከዚያ ሣጥኑን ወደ አንቺ ገፋው። «ነጋዴ ነሽ አሉኝ። እኔ ስሞት ልጆቹ ከቆሻሻ ጋር ይጥሉታል። የቤንዚንሽን ያህል ስጪኝና ውሰጂው።»

እኔ የሱቅሽን ሁኔታ አውቅ ነበር። ጣሪያው ያፈስሳል፤ ባልዲዎቹን ራሴ አይቻለሁ። አከራይሽ በሩ ላይ ለጥፎት የሄደውን ወረቀትም አይቻለሁ። እጅሽ ሣጥኑ ላይ ነበር። ኦርቪል ደስ ብሎት ነበር የሚሰጥሽ፤ እኔም አንዲት ቃል አልተነፍስም ነበር። ሣጥኑን ከደንሽው።

«ስማኝ ኦርቪል። ይሄ ሣጥን ደጅ ከቆመው መኪናህ ይበልጣል። እኔን ጨምሮ ማንም በቤንዚን ዋጋ ልግዛህ ቢልህ ዱላ አንሣበት። ሌላም ልንገርህ። ካርዱ የተወደደው አንተ አልጋ ሥር ተደብቆ ስለኖረ ነው። ይሄን ያህል መኖሩን ሰው ካወቀ ዋጋው ይወርዳል። የእኔውም አብሮ ይወርዳል።»

ኦርቪል አፉን ከፍቶ አየሽ። «ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? እኔ አልጠየቅሁሽ!»

«ስላልጠየቅኸኝ ነዋ!» አልሽው። ቀጥለሽ «አሁን ገበያውን ተወውና ልጆችህን ጥራ። ስምህ ከቶሌዶ ድረስ መጥቶ ወንበርህ ላይ ተቀምጧል። ይመስክርልህ» አልሽ።

መጡ። ሜቪስ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቀረበች፣ ማንም ግን አልነካውም። ታላቁ ልጅ፣ ያ ጎተራ የሚያህለው ሰው፣ ካርዱን በሁለት ጣቱ ይዞ «አባዬ፣ አንተ ነህ?» አለ። ኦርቪል ወደ እኔ ዞረ። እኔ መለስሁለት። «እሱ ነው። የእሱን ኳስ በተቀበልሁ ቁጥር መዳፌ ያብጥ ነበር። እኔ ብዙ ወርዋሪ አይቻለሁ፤ እንደ አባትህ ያለ አላየሁም።» ልጁ ወንበሩን አስጠግቶ «ንገረኝ» አለ። ጥሩ ነገር እንደተናገርሁ የሚሰማኝ ቀን ጥቂት ነው። ያን ቀን ግን ተሰምቶኛል። የገባሁት አንቺ በከፈትሽልኝ በር ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅሁሽ። «ሎሬታ፣ ያን ሁሉ ሀብት ለምን ገፋሽው?»

ዓይንሽን ከመንገዱ ሳትነቅይ «ብገዛው ኖሮ አንተ ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጥ አይመስለኝም» አልሽ።

ቴሬዛ፣ የሚያሳፍር ያልኩሽ ቦታ ይሄ ነው። እናትሽ ይህን ስትለኝ እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ሬዲዮ ከፈትሁ። የአየር ሁኔታ ትንበያ።

በመከር ወቅት በነበረው ገበያ ኦርቪል ከሜቪስ ጋር ቶሌዶ መጣ። ክራባት አስሮ ነበር። ከካርዱ ጥቂቱን በአንቺ በኩል ሊሸጥ ወስኖ ነበር፤ አንቺም በጠረጴዛሽ ፊት በትልልቅ ፊደል ጽፈሽ ለጠፍሽ፦ «ይህ ካርድ ከሁለት መቶ በላይ ተገኝቷል። ይህን አውቃችሁ ግዙ።» ዌንደል ሲያነበው ሲጋራው ከአፉ ወደቀ።

«ሴትዮ አበድሽ? እኔ አሥራ ሁለቱን በውድ ገዝቻለሁ! ቀስ እያልሽ አንድ አንድ ብታወጪው ማን ያውቅብሻል?»

«እኔ አውቃለሁ» አልሽው።

«ማወቅሽ ለኔ ምን ፈየደ?»

«ለአንተ ምንም። ና አሁን፣ ካርዶችህን አምጣና አስፈርማቸው።»

እስከ ምሳ ድረስ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። አንድ ሁለት ነጋዴዎች ሰላምታሽን ነፈጉሽ። ከምሳ በኋላ ግን ወሬው ተሰማና ሰዉ ተሰለፈ። እኔ ስሜን ስጽፍ ኦርቪል አጠገቡ የራሱን ይጽፋል። አንዱ መጥቶ «ከሁለታችሁ ስትራውድ የትኛችሁ ነው?» ሲል ኦርቪል «ስሙ እሱ ነው፣ መልኩ እኔ ነኝ። መልኩን የማይወድ ካለ ቅሬታውን ለእኔ ያቅርብ» አለው። ዌንደል እንኳ እያጉረመረመ አሥራ ሁለቱን ይዞ ተሰለፈ።

ካርዱ የቀድሞ ዋጋውን አላገኘም። የሱቅሽም ጣሪያ የተጠገነው በዚያ ገንዘብ አይደለም፤ መሰላል ላይ ወጥተሽ ስትመቺው ሚስማር ያቀበልሁሽ እኔ ነኝ። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው የሟች አባቱን ካርዶች ሲያገኝ «ወደ ሎሬታ ውሰደው» ይባል ነበር። አንዲት መበለት ሣጥኗን ይዛ ስትገባ መጀመሪያ ወንበር፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ዋጋ፣ በመጨረሻ የዋጋ ክርክሩን ታቀርቢ ነበር። በክርክሩ ግን ማንንም አትምሪም። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አይሽ ነበር። «ሥራ የለህም እንዴ?» ትይኝ ነበር። ሥራዬ እሱ ነበር።

አሁን ስለ ቀብሩ ልንገርሽ። ቤተ ክርስቲያኗ ሞልታ ነበር። ታላቁ ልጅ ተነሥቶ ተናገረ። ስለ ትራክተር፣ ስለ ትምባሆ፣ ስለ አባቱ ዝምታ ካወራ በኋላ «አባቴ ወርዋሪ ነበር» አለ፤ ሲናገር አላፈረም፣ የሚጠራጠረውም አልነበረም። ሜቪስ ስንወጣ እጄን ይዛ «ያቺ ሴት ደውላ ባትመጣ ኖሮ ይህን ሰው ማን ያውቀው ነበር?» አለችኝ። ከዚያ አየችኝና «አንተስ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። ሜቪስን ታውቂያታለሽ፤ ነገር አትጠመጥምም።

እውነቷን ነው። ዓይንሽ ሲደክም ሱቁን ዘግተሽ ከቴሬዛ ጋር ልትኖሪ ወደ ኦሬገን ስትሄጂ፣ ሣጥኖችሽን መኪና ላይ የጫንሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ስጭን «አትሂጂ» ልልሽ ነበር። «ይህ ከባድ ነው፣ በዚያ በኩል ያዢ» እያልሁ ጨረስሁ። ከአንቺ የበለጠ ቀጥ ያለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። አደንቅሻለሁ ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። ሌላኛው ግማሽ እወድሻለሁ ነው። ይኸው፣ ተጻፈ።

ሐሙስ ባቡር እሳፈራለሁ። ቺካጎ ላይ ቀይሬ ቅዳሜ ጠዋት ፖርትላንድ እደርሳለሁ። ጋዜጣ ማንበብ ቢያቅትሽ እኔ አነብልሻለሁ፤ መነጽር ቢያስፈልገኝም ዓይኔ ገና ደህና ነው። ሐሳቤ ካልተስማማሽ በስልክ አትንገሪኝ። በሩን ከፍተሽ፣ እንደ ልማድሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ። ቁርስ ግን ሳታበዪ እንዳትሸኚኝ፤ መንገዱ ረጅም ነው።

አክባሪሽና ወዳጅሽ፣
ቨርነን ስትራውድ
ቶሌዶ፣ ኦሃዮ